የቀርከሃው ተረት፦ ስለ ሲያም ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይህ ያንተ ጉዳይ ነው፤ ዝም አትበል» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። የዛሬዋ ታይላንድ፣ የትናንቷ ሲያም፣ ከአውሮፓ ቅኝ ገዢዎች እጅ እንዴት እንዳመለጠች የሚተርክ ነው። የጸሐፊው ብዕር ይፈሳል፤ ይህን አልክድም። ክርክራቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ሲያም በ1688 ፈረንሳዮችን አባርራ በሯን ዘጋች። በሩ እንደገና ሲንኳኳ ንጉሥ ሞንግኩት በ1855 ከእንግሊዝ ጋር እኩል ለእኩል ተዋዋሉ። ልጃቸው ቹላሎንግኮርን አንድ ጥይት ሳይተኩሱ ጥቂት የዳርቻ መሬት ለቅቀው አገራቸውን አዳኑ፤ እንግሊዝም ወዳጅ ሆና ከጎናቸው ቆመች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባንኮክ ከሁለቱም ወገን ጋር ተጫውታ ያለ ኪሳራ ወጣች። የወሰኑም ነገር በ1909 ተዘጋ። ቀርከሃ ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ይላል እንጂ አይሰበርም፤ ታይላንዳውያን ራሳቸው የውጭ ግንኙነታቸውን በዚህ ይመስሉታል። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ጸሐፊው ድንጋዩን ወደ እኛ ግቢ ይወረውሩታል፦ ኢትዮጵያም ጎንበስ ማለትን ብታውቅበት ኖሮ የአድዋው ደም ባልፈሰሰ ነበር ይሉናል።

ከቀርከሃ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከተረቱ ጋር ነው። ሁለት ጅቦች በአንድ በግ ላይ ሲፋጠጡ በጉ ቢተርፍ፣ ያተረፈው የበጉ ብልኀት ብቻ ነው ማለት ጅቦቹን መርሳት ነው። በዚያ ላይ ይህ በግ ከጅቦቹ ፊት ዞር እንዲሉለት የጣለላቸው ሥጋ የራሱ ብቻ አልነበረም። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ልመልስ፤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1688 ልጀምር። ፖርቱጋሎች ማላካን በያዙበት በ1511 መልእክተኛቸው የያኔዋ የሲያም ዋና ከተማ አዩትያ ደርሶ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መጣ፤ እንግሊዞችም ተከተሉ። በንጉሥ ናራይ ዘመን ኮንስታንቲን ፎልኮን የተባለ ግሪካዊ ጀብደኛ ከመርከብ ሠራተኛነት ተነሥቶ የቤተ መንግሥቱ ዋና ሰው ሆነ። በ1686 የሲያም መልእክተኞች ቬርሳይ ድረስ ሄደው የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ፊት ቆሙ። በዓመቱ የፈረንሳይ ወታደሮች ከመልእክተኞች ጋር ተጭነው መጥተው የባንኮክንና የመርጉይን ምሽግ ያዙ። ከዚህ በኋላ ነው ፌትራቻ የተባለው የጦር አለቃ የተነሣው። ፎልኮን ተገደለ፣ ናራይ በሕመም አለፉ፣ ፈረንሳዮቹም ባንኮክ ላይ ተከብበው ከቆዩ በኋላ በኅዳር ወር ለቅቀው ወጡ።

እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን። በሩ ተዘጋ የሚለው ግን ልክ አይደለም። አዲሱ ንጉሥ በዚያው ዓመት ከደቾች ጋር የነበረውን የንግድ ውል አደሱ። የቻይና ጀልባዎች፣ የሕንድና የፋርስ ነጋዴዎች መመላለሳቸውን ቀጠሉ። የተባረረው አንድ እንግዳ ነው፤ ጦር ይዞ የገባው። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ታሪክ ሲያነብ ዐፄ ፋሲለደስን ማስታወሱ አይቀርም፤ ኢየሱሳውያንን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ያባረሩት እሳቸው ናቸውና። ጎንደርም ያኔ በሯን ዘጋች ይባላል፤ ነገር ግን ሖጃ ሙራድ የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በጎንደር ነገሥታት ስም እስከ ባታቪያ፣ አዩትያ ውስጥ የቀረው ያው የደች ኩባንያ ዋና መናኸሪያ ድረስ ይመላለስ ነበር። አዩትያን በመጨረሻ ያጠፋት ደግሞ አውሮፓዊ አይደለም፤ በ1767 አቃጥሏት የሄደው የበርማ ጦር ነው። የዛሬው የባንኮክ ሥርወ መንግሥት በ1782 የተመሠረተው ከዚያ ፍርስራሽ በኋላ ነው።

ወደ 1855 እንምጣ። ሰር ጆን ባውሪንግ የሆንግ ኮንግ ገዢ ነበር። በሚያዝያ ወር ባንኮክ የተፈረመውን ውል ጸሐፊው እኩል ለእኩል የተደረገ ይሉታል። ውሉ ምን ይላል? ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ሲያም ከመቶ 3 በላይ ቀረጥ አትጥልም። የእንግሊዝ ዜጋ በሲያም ምድር ቢያጠፋ የሚዳኘው የእንግሊዝ ቆንስል ነው። ኦፒየም ያለ ቀረጥ ይገባል፤ የሚሸጠው ግን የንጉሡን የኦፒየም ንግድ በኮንትራት ለያዘው ሰው ብቻ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ውሉ ይሻሻል ማለት ይቻላል፤ የሚሻሻለው ግን ሁለቱም ከተስማሙ ብቻ ነው። ለንደን ውስጥ ለሚኖር የሲያም ሰው በሲያም ዳኛ የመዳኘት መብት ተሰጥቷልን? አልተሰጠም። እኩልነቱ የት ላይ እንደሆነ ጸሐፊው ቢያሳዩን ደስ ባለኝ።

ፈረንሳይና አሜሪካ በ1856 ያንኑ ውል ገልብጠው ወሰዱ፤ ዴንማርክ፣ ፖርቱጋል፣ ሆላንድ፣ ፕሩስያም ተራ በተራ መጡ። ሞንግኩት ለምን ፈረሙ ቢባል መልሱ ግልጽ ነው። የቻይናን የኦፒየም ጦርነት ሰምተዋል፤ ገና ከሦስት ዓመት በፊት እንግሊዝ የታችኛውን በርማ ስትቆርስ አይተዋል። አማራጫቸው ጠባብ ነበር፣ በጠባቡም ውስጥ ብልህ ነበሩ። በጠባብ ቦታ ብልህ መሆንና በእኩልነት መዋዋል ግን ለየቅል ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ አንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ። በጥር 1908 አዲስ አበባ ላይ ከዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ጋር የፈረንሳይን ውል የፈረመው እሱ ነው። ያ ውል ፈረንሳዮች በኢትዮጵያ ውስጥ የቆንስል ዳኝነት እንዲኖራቸው አደረገ፤ ሌሎች መንግሥታትም በዚያው ተጠቀሙበት፤ ኋላ አዲስ አበባ ላይ ልዩ ፍርድ ቤት የተባለው የተቋቋመውም ከዚያ በመነጨ ነው። ክሎቡኮቭስኪ በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የት ተሾመ? ሃኖይ፤ የፈረንሳይ ኢንዶቺና ጠቅላይ ገዢ ሆኖ፣ ከሲያም ድንበር ማዶ። ሁለቱን «ያልተገዙ» አገሮች ማነጻጸር ካማረን ከቀርከሃው ይልቅ በዚህ ሰው ሻንጣ ብንጀምር ይሻላል።

አንድ ጥይት ሳይተኩሱ የሚለውን ሳነብ ግን መነጽሬን አውልቄ እንደገና አነበብሁት። በሐምሌ 13 ቀን 1893 አመሻሽ ላይ ኤንኮንስታንና ኮሜት የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ የጦር መርከቦች በአንዲት የፖስታ መርከብ እየተመሩ ወደ ቻኦ ፍራያ ወንዝ አፍ ገቡ። ፓክናም ላይ በንጉሡ ስም የተሰየመው አዲስ ምሽግ ነበር፤ መድፎቹ ከእንግሊዝ የተገዙ አርምስትሮንግ፣ አዛዡም አንድሬአስ ዱ ፕሌሲ ደ ሪሸልዩ የተባለ ዴንማርካዊ። ምሽጉ ተኮሰ። መሪዋ የፖስታ መርከብ ተመትታ ከመሬት ተጣብቃ ቀረች። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ሆኖም ሁለቱ የጦር መርከቦች አልፈው ባንኮክ እምብርት፣ በፈረንሳይ ሌጋሲዮን ደጃፍ መልሕቃቸውን ጣሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ተሰጠ፤ የወንዙም አፍ ተዘጋ። ሲያም አልተኮሰችም ሳይሆን ተኩሳ አላቆመችም ነው እውነቱ። ቹላሎንግኮርን ከዚያ በኋላ በሐዘን ታመው ለረጅም ጊዜ ከሰው ርቀው እንደነበር የራሳቸው ሰዎች ጽፈዋል።

በጥቅምት 3 የተፈረመው ውል የሜኮንግን ግራ ዳርቻ በሙሉ ለፈረንሳይ ሰጠ። 3 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ተከፈለ። በቀኝ ዳርቻው በ25 ኪሎ ሜትር ስፋት ውስጥ ሲያም ወታደር እንዳታቆም ተከለከለች፤ ማለትም በራሷ መሬት ላይ። ካሳው ተከፍሎም ፈረንሳይ ቻንታቡሪን ይዛ እስከ 1904 ተቀመጠች፤ ከዚያ ስትወጣ ደግሞ ትራትን ያዘች።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስቆጨኝ የአንድ ሹም ጉዳይ ነው። ፍራ ዮት ይባላል፤ በዛሬዋ ላኦስ የሚገኘው የካም ሙዎን ገዢ ነበር። በ1893 በዚያ በኩል በተደረገ ግጭት ግሮጉሬን የተባለ የፈረንሳይ ሹም ተገደለና ፍራ ዮት ተከሰሰ። የሲያም ልዩ ፍርድ ቤት በ1894 መርምሮ ነጻ ለቀቀው። ፈረንሳይ ፍርዱን አልቀበልም አለች፤ በውሉ መሠረት ፈረንሳዮች የበዙበት ሌላ ቅይጥ ችሎት አስቀመጠች፤ ያም ችሎት 20 ዓመት ከባድ እስራት ፈረደበት። በራሱ አገር፣ የራሱ መንግሥት ሹም ሆኖ፣ በራሱ ዳኞች ነጻ የወጣ ሰው። ጸሐፊው «አልተገዛችም» የሚለውን ቃል ሲጽፉ ይህን ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ቢያስታውሱት ምን ነበረበት?

የተለቀቀው ጥቂት የዳርቻ መሬት ነበር የተባለውስ? የዛሬዋ ላኦስ ስፋት ወደ 237,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ አብዛኛው የወጣው በ1893 እና በ1904 ከተፈረሙት ውሎች ነው። በ1907 ባታምባንግ፣ ሲየም ሪፕና ሲሶፎን ለፈረንሳይ ካምቦዲያ ተሰጡ፤ ዝነኛው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አንኮር ዋት ያለው በሲየም ሪፕ ነው። (ባንኮክ የሄደ ሰው በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የአንኮርን ትንሽ ቅርጽ ያያል። መሠራቱ የተጀመረው በሞንግኩት ትእዛዝ ነው፤ ያኔ ትልቁም የእሳቸው ነበር።) በ1909 የማሌይ ሱልጣኖች ግዛቶች የሆኑት ኬዳ፣ ክላንታን፣ ቴሬንጋኑና ፐርሊስ ለእንግሊዝ አለፉ፤ አራቱ አንድ ላይ ወደ 38,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ናቸው። ይህ ሁሉ ዳርቻ ከተባለ መሃሉ ስንት ቀረ?

ነገር ግን ከስፋቱ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መሬቱ የማን ነበር? የላኦዎቹ ከተማ የቪየንቲያን ንጉሥ ቻኦ አኑ በ1826 በባንኮክ ላይ ሲያምፅ የሲያም ጦር ከተማዋን በ1828 አፍርሶ ሕዝቡን እያፈናቀለ ወንዙን አሻግሮ አሰፈረ። ካምቦዲያ ለሲያምም ለቬትናምም ግብር ትልክ ነበር። የማሌይ ሱልጣኖች በየሦስት ዓመቱ ከወርቅና ከብር የተሠራ ዛፍ ወደ ባንኮክ ይልኩ ነበር፤ እነሱ እንደ ወዳጅነት ስጦታ፣ ባንኮክ እንደ ግብር ይቆጥረው ነበር። በእኛ ቋንቋ ገባር የምንለው ነገር ሁሉ እዚያ አለ። ገባሩ ሲሰጥ ማንም አልጠየቀውም። የ1909ኙ ውል ሲፈረም የኬዳ ሱልጣን አገሬና ሕዝቤ እንደ በሬ ተሸጡ፤ ገዢው ምንም ስላልነበረበት ይቅር እለዋለሁ፣ ሻጩን ግን ይቅር ልለው አልችልም ብለዋል ይባላል። ጸሐፊው ጣት ሰጥቶ እጅን ማዳን ያሉት ይህንን ነው፤ ጣቱ የሌላ ሰው ነበር እንጂ።

ሲያም የቀራትንም መሬት የያዘችው ቅኝ ገዢዎች በሚይዙበት መንገድ ነው። የንጉሡ ወንድም ልዑል ዳምሮንግ የአገር ግዛት ሚኒስቴርን ሲያደራጁ በአካባቢው ነገሥታት ፋንታ ከባንኮክ የሚላኩ እንደራሴዎችን አስቀመጡ፤ እንግሊዝ በበርማና በማላያ የምትሠራውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1902 በደቡብ ያለችው የማሌይ ግዛት የፓታኒ ሱልጣን አብዱል ካድር አሻፈረኝ በማለታቸው ተይዘው ታሰሩ። በዚያው ሰሞን በሰሜን ፍራ በተባለችው ከተማ የሻን ሕዝቦች፣ በምሥራቅ ደግሞ ቅዱሳን ሰዎች ነን የሚሉ የላኦ ገበሬዎች መሪዎች አመፁ፤ ሁሉም በጦር ተደመሰሱ። የፓታኒ ነገር እስከ ዛሬ ደም ያፈስሳል። የእኛም ታሪክ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ባዳ አይደለም፤ የዛሬው ርእሴ ግን ሲያም ስለሆነ አልፋለሁ።

የእንግሊዝን ወዳጅነት በሚመለከት አጭር ልሁን። ፓክናም ላይ መድፍ ሲያጓራ ባንኮክ ለንደንን ተማጸነች፤ ለንደን ውሉን ተቀበሉ ብላ መከረች። በጥር 15 ቀን 1896 እንግሊዝና ፈረንሳይ በለንደን የጋራ መግለጫ ፈረሙ፤ የቻኦ ፍራያንና የአጎራባቾቹን ወንዞች ተፋሰስ ሁለቱም ጦር ላያስገቡበት ተስማሙ። ሲያም በፈራሚዎቹ መካከል አልነበረችም። ዋስትናውም ለመላው አገር አይደለም፤ ለመካከለኛው ሜዳ ብቻ ነው። ከሜዳው ውጭ በምሥራቅ ያለው ለፈረንሳይ፣ በደቡብ ያለው ለእንግሊዝ እጅ ክፍት ሆኖ ቀረ። በዓመቱ እንግሊዝ በምሥጢር ሌላ ቃል አስገባቻት፤ በደቡቡ ልሳነ ምድር ሲያም ያለ እንግሊዝ ፈቃድ ለማንም መሬት እንዳትሰጥ። ጥበቃ ያሉት ይህ ከሆነ፣ አንበሳ ከጅብ የሚጠብቀውን ግዳይ ሁሉ ወዳጁ ነው ልንል ነው።

እዚህ ላይ ቀኑን ልብ በሉልኝ። የለንደኑ መግለጫ ከአድዋ ድል በአርባ ስድስት ቀን ይቀድማል። ለኢትዮጵያም በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በሌለችበት ተቀምጠው የሦስትዮሹን ውል ፈርመውባታል፤ ሰነዱ የኢትዮጵያን ነጻነት እናከብራለን እያለ የየራሳቸውን የጥቅም ክልል ያሰምራል። ልዩነቱ ምኒልክ ያን ወረቀት ሲቀበሉ አድዋ ከኋላቸው መቆሙ ነው፤ ስለ ራሳቸው ሉዓላዊ ሥልጣን እንደማያስገድዳቸው ገልጸው መለሱላቸው።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ የሲያም መሪዎች ምንም አልሠሩም ለማለት አይደለም። እንዲያውም ጸሐፊው በቀርከሃው ተጠምደው እውነተኛውን ሥራቸውን ዘልለውታል። ቹላሎንግኮርን አማካሪ ሲቀጥሩ ከኃያላኑ ከአንዱ ብቻ አልቀጠሩም። በ1892 ጠቅላይ አማካሪ ያደረጉት ጉስታቭ ሮሊን ጃክሚንስን፣ ቤልጅየማዊ የሕግ ሊቅ ነበር፤ ትንሽ አገር ቅኝ ለመግዛት አትመጣም ብለው። ባሕር ኃይሉን ለዴንማርክ ሰዎች፣ የሰሜኑን የባቡር ሐዲድ ለጀርመኖች፣ የደቡቡን ለእንግሊዞች ሰጡ፤ ሐዲዶቹም ለብዙ ዓመት ስፋታቸው አንድ አልነበረም። የውጭ ጉዳይ አማካሪነቱን ከ1903 ጀምሮ ለአሜሪካኖች ሰጡ። ሆለታ የስዊድን መኮንኖች፣ ክብር ዘበኛን ቤልጅየሞች ያሠለጠኑበትን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ዘዴ ሳይነግሩት ያውቀዋል። በ1897 ንጉሡ ራሳቸው አውሮፓን ዞሩ፤ ከስድስት ዓመት በፊት ባንኮክ ላይ ተቀብለው ካስተናገዱት ከሩስያው ኒኮላስ 2ኛ ጎን ተቀምጠው የተነሡት ፎቶግራፍ ትልቅ ሥራ ሠራ። እኔ እንደማየው ከብዙ የጦር መርከብ ይበልጣል።

የቆንስል ዳኝነቱንም ያስነሡት ጎንበስ ብለው ሳይሆን ቀና ብለው ነው። የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ሕጎቻቸውን በአውሮፓ ሥርዓት ጻፉ፤ ሰበብ አሳጧቸው ማለት ነው። ንጉሥ ቫጂራቩድ በሐምሌ 1917 በጀርመንና በኦስትሪያ ሃንጋሪ ላይ ጦርነት አወጁ፤ ከ1,200 በላይ ሰው ወደ ፈረንሳይ ላኩ፤ ሠራዊቱም በ1919 በፓሪሱ የድል ሰልፍ ላይ አለፈ። ሲያም በቬርሳይ ጠረጴዛ ተቀመጠች፤ የመንግሥታቱ ማኅበር መሥራች አባል ሆነች። አሜሪካ በ1920 መብቷን ለቀቀች። ቀጥሎ የፕሬዚዳንት ዊልሰን አማች ፍራንሲስ ሴይር በሲያም አማካሪነቱ ዋና ከተማዎቹን እየዞረ ሌሎቹን አሳመነ፤ የመጨረሻዎቹ ገደቦች የተነሡት ግን በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ከባውሪንግ ጀምሮ ብትቆጥሩት ከሰማንያ ዓመት በላይ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ነጻ ነበረች የሚል ሰው ቃሉን ለምን እንደሚጠቀምበት ያስረዳን።

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ያለ ኪሳራ» የሚለው ከሁሉም ይበልጥ ያሳዝናል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒቡን ሶንግክራም አገሪቱን በ1939 ታይላንድ ብለው ሰየሙ፤ ፈረንሳይ በጀርመን ስትወድቅ የጠፉትን መሬቶች ለማስመለስ ተዋጉ፤ ጃፓንም አስታርቃ በ1941 የተወሰነውን አስመለሰችላቸው። ያስታረቀ ጃፓን ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 8 ራሱ በባሕር መጣ። በደቡብ ወደቦችና በፕራቹዋፕ የአየር ሰፈር ውጊያ ተደርጎ ባንኮክ በሰዓታት ውስጥ ተኩስ አቁሙ አለች። በጥር 1942 በእንግሊዝና በአሜሪካ ላይ ጦርነት ታወጀ። ዋሽንግተን የነበሩት አምባሳደር ሴኒ ፕራሞጅ አዋጁን ለአሜሪካ መንግሥት አላደርስም አሉ፤ በአገር ቤት ደግሞ ፕሪዲ ፓኖምዮንግ ጃፓንን የሚቃወመውን የነጻ ታይ እንቅስቃሴ በስውር መሩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው አገራቸውን ያተረፏት፤ የፒቡን መታጠፍ አይደለም። በታይላንድና በበርማ መካከል በተዘረጋው 415 ኪሎ ሜትር የባቡር መሥመር ላይ ከ12,000 በላይ የጦር ምርኮኞች አለቁ፤ ከማላያ፣ ከበርማና ከጃቫ የተጋዙት የእስያ ሠራተኞች ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ 1.5 ሚሊዮን ቶን ሩዝ በነጻ እንዲሰጣት ጠየቀች፤ ፈረንሳይ የ1941ዱ መሬት ካልተመለሰ ለተባበሩት መንግሥታት አባልነት እሺ አልልም አለች። መሬቱ በኅዳር 1946 ተመለሰ፤ አባልነቱ በታኅሣሥ ተገኘ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

አድዋን በሚመለከት ብዙ የምለው የለኝም። ምኒልክም ጎንበስ ብለው ነበር። በውጫሌ ውል ከመረብ ማዶ ያለውን መሬት ለጣልያን አውቀዋል። አንቀጽ 17 ሲያታልላቸው በደብዳቤ ተከራከሩ፤ በ1891 ለአውሮፓ መንግሥታት ሁሉ ጻፉ፤ የተበደሩትን ብድር መለሱ። ሁሉም አልሠራም፤ ምክንያቱም በሰሜን የተፋጠጡ ሁለት ጅቦች አልነበሩም። አንድ ጅብ ነበር የመጣው፤ እንግሊዝም ፈረንሳይን ለመከላከል ስትል ያንን ጅብ ታበረታታ ነበር። ሲያም በ1893 ተኩሳ ስላላቆመች መሬት ሰጠች፤ ኢትዮጵያ በ1896 ተኩሳ ስላቆመች የውጫሌው ውል ተሰረዘ። የአድዋው ደም ባልፈሰሰ ነበር የሚሉት ጸሐፊ፣ ባይፈስ ኖሮ፣ ለጣልያን የተዋጉት የኤርትራ አስካሪዎች ደም እንደፈሰሰው ሁሉ፣ በሊቢያ አሸዋ ላይ መፍሰሱ እንደማይቀር የዘነጉ ይመስለኛል።

የቀረው የወሰኑ ጉዳይ በ1909 ተዘጋ የሚለው ነው። የ1904ቱ ውል በዳንግሬክ ተራራ ላይ ወሰኑ የውኃ መክፈያውን ጫፍ ተከትሎ ይሄዳል ይላል። ካርታውን ግን የሠሩት የፈረንሳይ መኮንኖች ናቸው፤ ፓሪስ ታትሞ በ1908 ባንኮክ ሲደርስ በገደሉ አናት ላይ ያለው የፕረያ ቪሄር ቤተ መቅደስ ወደ ካምቦዲያ ገብቶ ነበር። ባንኮክ አልተቃወመችም። እንዲያውም ልዑል ዳምሮንግ አመስግነው ለአገረ ገዢዎቻቸው የሚሰጡ ተጨማሪ 15 ቅጂዎች ጠየቁ። በ1930 እሳቸው ራሳቸው ቤተ መቅደሱን ሊያዩ ሲወጡ የፈረንሳይ ሹም የክብር ልብሱን ለብሶ፣ ባንዲራውን ሰቅሎ እንደ ባለቤት ተቀበላቸው፤ ልዑሉም ሲመለሱ የጉብኝቱን ፎቶግራፎች ላኩለት። እነዚያ 15 ቅጂዎችና እነዚያ ፎቶግራፎች በሄግ የዓለም ፍርድ ቤት ፊት ቀረቡ። ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1962 በ9 ድምፅ ለ3 ቤተ መቅደሱ የካምቦዲያ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ በ2011 ተኩስ ተከፈተበት፤ በሐምሌ 2025ም በዚያው ድንበር ለአምስት ቀን በመድፍና በአውሮፕላን ተዋጉ።

በ1962 የታይላንድ ወታደሮች ቤተ መቅደሱን ለቅቀው ሲወጡ ባንዲራቸውን አላወረዱም። እንደተሰቀለ፣ ከነምሰሶው ነቅለው ተሸክመው ከአጠገቡ ባለው ገደል ላይ፣ በራሳቸው በኩል ተከሉት።